የወጌሻው ግዝት

አሰልጣኝ ምስጋናው ሰው ሲስቅ ካየ «በእኔ ነው» ይላል፤ ሰው ዝም ካለ ደግሞ «ምን እየዶለተብኝ ነው?» ይላል። ሚስቱ ዘመናይ ወጡ ላይ ጨው ቢበዛባት እንኳ ማን እንደመከራት ይጠይቃታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለሌላው የደብረ ማርቆስ ሰው አልፎ አልፎ የሚነሳ ተረት ነው፤ ለእሱ ግን የማለዳ ጸሎቱ ነበር።

ሐቁን ለመናገር፣ ያለ ምክንያት አልነበረም። አምና በዞኑ ውድድር ላይ የተማመነባት ሯጭ ባቷን አሟት ነበር። ይህን የሚያውቁት እሱ፣ ልጅቱና ያሻት ወጌሻ ብቻ ናቸው። ውድድሩ ሲጀመር ግን የደጀኑ አሰልጣኝ የሙላት ልጆች ከመጀመሪያው ዙር አንስተው እንደ እብድ ፈተለኩ፤ የታመመ ባት ያንን ፍጥነት እንደማይችል የነገራቸው ያለ ይመስል። የምስጋናው ሯጭ መሐል ላይ አነከሰችና ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስጋናው ያን ወጌሻ፣ ገዳሙ የሚባለውን፣ ገና በሩቁ ሲያየው ጥርሱን ያፋጫል።

ገዳሙ የወጌሻ ልጅ ወጌሻ ነው። አባቱ የተሰበረ እጅ በቀርከሃ አስሮ የሚጠግን ሰው ነበር። ልጁ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ ጥቂት ወራት የስፖርት ማሳጅ ተማረና በሚሌኒየሙ ማግስት ተመልሶ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ «የወገብና የአንገት ማቃኛ» የሚል ታፔላም ሰቀለ። የዓባይን በረሃ ሲወጡ ሲወርዱ ወገባቸው የደረቀ የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ ፈተና ሲያርሙ አንገታቸው የተቆለፈ መምህራን፣ ሐሳብ እንቅልፍ የነሳቸው ነጋዴዎች፣ ማኅሌት ቆመው አድረው ጀርባቸው እንጨት የሆነባቸው ደብተራዎች ሁሉ እሱ አልጋ ላይ ይተኛሉ። እጁ ቀና ነው። አፉ ግን፣ ምን ይደረግ፣ እሳት ላይ እንደተረሳ ወተት ነበር። ተንኮል የለበትም፤ የአንዱን ጀርባ እያሸ የሌላውን ጀርባ ያወራል፤ ሰውም ወገቡን አቃንቶ፣ ወሬ ጠግቦ ይወጣል። አምናም የዚያችን ልጅ የባት ነገር ለአንድ የደጀን ሾፌር ሳያስበው ያጫወተው እሱ ነው። የተሸጠ ነገር የለም፤ ፈሰሰ እንጂ። ይህን ግን ለምስጋናው ማን ያስረዳው?

ዘንድሮ ነገሩ ከወሬ አለፈ። የብርጓል የምትባል ልጅ ከአምበር ከተማ መጥታ ነበር። አምስት ሺህ ሜትር ስትሮጥ ያያት ሁሉ «ይህችስ ታስጠራናለች» ይላል። ቤተሰቦቿ ግን «እስከ ሰኔ ክለብ ካልገባሽ ተመልሰሽ ትዳር ትይዣለሽ» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። በግንቦቱ የዞን ውድድር ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ አንድ የክለብ መልማይ ሊመጣ ነው። ምስጋናውም ስንቱን አሰልጥኖ አንድም ልጅ ትልቅ ክለብ አላስገባም፤ የእሷ መግባት የእሱም መግባት ነበር። ይህ ሁሉ ተስፋ የተንጠለጠለው በአንዲት ልጅ ወገብ ላይ ነው። ወገቧ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ይጠዘጥዛት ያዘ።

«ትንሽ ነው ጋሼ» ትላለች። ትንሽ እንዳልሆነ ስትጎነበስ ያስታውቃል። መታሸት አለባት፤ በከተማው ውስጥ ከገዳሙ የተሻለ እጅ የለም። ምስጋናው ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ሰንበት ጠዋት ገዳሙን እየጎተተ ንስሐ አባቱ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ወሰደው።

«አባ፣ ይህን ሰው ይገዝቱልኝ። ከልጅቱ ሰውነት ላይ ያገኘውን ሁሉ ለማንም እንዳይናገር።»

ቄሱ ቅር አላቸው። «ግዝት እኮ እንደ ቀንበር ባገኘኸው ጫንቃ ላይ የምትጭነው ነገር አይደለም» አሉት። «የተገዘተ ሰው ቃሉን ካፈረሰ ከዚህ ደጅ አይገባም። ሳይፈታ ቢሞትስ? ለወጌሻ ወሬ ይህን ያህል?»

«የወሬ ጉዳይ አይደለም አባ፤ የልጅቱ እንጀራ ነው።»

ገዳሙ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቄሱ መስቀላቸውን ሲያወጡ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ለማንም ሲሉ ጋሼ፣» አለ፣ «ለእርስዎም ጭምር ነው?»

ምስጋናው እዚህ ላይ ትንሽ ቢያስብ ጥሩ ነበር። እሱ የሚያውቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ አጥር ላይ ለአንድ ሰው ቀዳዳ ከተከፈተ ሌላውም በዚያው ይገባል። «ለእኔም! ለራሷም! ለሰው ዘር!» አለ። «እኔ የምፈልገውን በሩጫ ሰዓቴ አየዋለሁ።»

ቄሱ በጴጥሮስ ሥልጣን ገዘቱት፤ ገዳሙም መስቀል ተሳልሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከተማውን አስገረመ። ገዳሙ ዝም አለ። ስለ የብርጓል ብቻ አይደለም፤ አንዱን ሲያወራ ሌላው እንዳያመልጠው ፈርቶ ስለ ሁሉም ነገር ዝም አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ! ሾፌሮቹ «ይህን ሰው ምን ነካብን?» እያሉ ተጠያየቁ። አንዱ እንዲያውም ያለ ወሬ ወገቤ አይፍታታልኝም ብሎ መንዳት ማቆሙን ለገዳሙ ነገረው። ምስጋናው በዚህ ደስ ሊለው ሲገባ የባሰ ተጨነቀ። ለፍላፊ ሲለፈልፍ ቢያንስ ምን እንደሚያስብ ይታወቃል፤ ዝም ያለ ለፍላፊ ግን ምን እንዳከማቸ ማን ያውቃል?

ስለዚህ የብርጓል በታሸች ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ይመለከታል። የመጀመሪያው ቀን ገዳሙ በሆዷ አስተኛት፤ መዳፎቹን ወገቧ ላይ አሳረፈ፤ ትንፋሿን ስታወጣ ጠብቆ ተጫናት። «ቋ!» አለ። እሷም «እሰይ!» አለች፤ ለጥቂት ቀናትም ቀለላት። ከፋሲካ በኋላ ግን አንድ ቀን ጣቱ ወደ ታች ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እንደገና ነካ አደረገው። የብርጓል ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀበረች። ገዳሙ እንደተቃጠለ ሰው እጁን አነሳ፣ አንሶላውን አለበሳትና እጁን ሊታጠብ ወጣ።

ምስጋናው ያን ፊት አየ። «ምን አገኘህ?» ሊል ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደረሰ፤ ዋጠው። ከጠየቀ ራሱ ያጠረውን አጥር ራሱ ሊጥስ ነው። ስለዚህ መጠየቁን ተወና መጠርጠሩን ቀጠለ፤ መጠርጠር ግዝት አያፈርስም።

በዚያው ሳምንት ሙላትን ከገዳሙ ክፍል ሲወጣ አየው። የደጀኑ ሙላት! ደጃፉ ላይ ቆሞ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። አንገቱን ሲታሽ የቆየ ሰው አንገቱን አዙሮ ቢሞክር ምን ይገርማል? ለምስጋናው ግን ሰው አየኝ አላየኝ የሚል ሌባ ነበር።

ማምሻውን ገዳሙ ራሱ ቤቱ መጣ። «አረፍ በል» ቢሉት እንቢ አለ።

«ጋሼ ምስጋናው፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፤ ነገ አባ ዘንድ እንሂድና ግዝቱን ያስፈቱልኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«ለምን እንደሆነ መናገር አልችልም።»

«አሁን የማትናገረውን ሲፈታልህ ለማን ልትናገረው ነው?»

«ለእርስዎ ነዋ!»

ምስጋናው ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ለእኔ! ከሙላት ጋር ምን ስትመክር ዋልህ?»

ገዳሙ ግራ ገባው። «አንገቱን አሞት ነው እንጂ እኔ ከእሱ ጋር ምን ምክር አለኝ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ገደል አፋፍ ላይ እንደሚራመድ ሰው እየተጠነቀቀ፣ «ራጅ ያስነሷት» አለ። «ከዚህ በላይ አልልም። ይህንንም ማለቴን እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ዘመናይ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። «ኧረ ምስጋናው፣ ሰውየው አንድ ነገር ጨንቆታል» አለች።

«ጨንቆታል እንጂ! ውድድሩ ሲደርስ ልጅቱን ሆስፒታል አስተኛልኝ ነው የሚለው» አለና ወደ ገዳሙ ዞረ። «ይህን ማን እንዳስጠናህ አውቄዋለሁ» አለና በሩን ከፈተለት።

ገዳሙ በማግስቱ ብቻውን ቄሱ ዘንድ ሄደ። «ያስገዘተህ ሰው ካልመጣ እንዴት አድርጌ እፈታዋለሁ?» አሉት። ምስጋናውን ልከው ቢያስጠሩት «ልምምድ ላይ ነኝ» አለ። ከዚህ በኋላ ገዳሙ ክፍሉን ዘጋ፤ የብርጓል ስትመጣም ከውስጥ ሆኖ «አልነካሽም እህቴ» አላት። ምስጋናው ይህን ሲሰማ ጭኑን መታ። ወገቧ ደርቆ እንድትቀርብ ተከፍሎታል! አሁን ነገሩ ሁሉ ገጠመለት።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። መልማዩ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከክብር እንግዶቹ ጎን ተቀምጧል። የብርጓል ጫማዋን ለማሰር መጎንበስ አቃታት፤ ጓደኛዋ አሰረችላት። ምስጋናው ይህን አየ። ዞር ሲል ገዳሙ አጥሩን ተደግፎ ያያቸዋል። «የሥራውን ውጤት ሊያይ መጣ» አለ በልቡ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። ስንት ጊዜ በር ላይ ቆሞ አይቶ የለ? መጫን ነው፣ «ቋ» ማለት ነው፣ አለቀ። ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ ሣሩ ላይ ጋቢውን አነጠፈና የብርጓልን በሆዷ አስተኛት። ጉልበቱን ወገቧ ላይ አሳረፈ፤ ትከሻዎቿን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ትንፋሽሽን አውጪ» አላት።

«አንተ ሰው፣ አትንካት!»

ገዳሙ አጥሩን ዘሎ እየሮጠ ነበር። «አጥንቷ ነው! ወገቧ ላይ አጥንቷ የተሰነጠቀ መሰለኝ! ከተጫንሃት እግሯ ሽባ ሆኖ ይቀራል!»

በአካባቢው የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። ስለ ግዝቱ በከተማው ያልሰማ አልነበረምና ብዙዎቹ አማተቡ። ገዳሙም ምን እንዳደረገ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ እየሮጠ ሳለ ቆመ፣ አፉንም በእጁ ከደነ።

ምስጋናው ጉልበቱን አላነሳም። እዚህ ደርሶ እንኳ አላነሳም! «ሙላት ስንት ሰጠህ?» አለው።

ይሄኔ ፊቷን ጋቢው ላይ የደፋችው የብርጓል ተናገረች።

«እውነቱን ነው ጋሼ። ከፋሲካ ወዲህ ግራ እግሬ ይደነዝዛል። አንዳንዴ ያለም አይመስለኝም።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሷም ተሸጠች ይላሉ ብዬ ፈራሁ።»

ጉልበቱ ተነሳ። ምስጋናው አፈረ፤ ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ጋቢውን ጎተት አድርጎ እግሯን አለበሳት።

ሽጉጡ ተተኮሰ፤ አምስት ሺህ ሜትሩ ያለ የብርጓል ተሮጠ። የሙላት ልጅ አሸነፈችና መልማዩ እሷን መርጦ ሄደ። የብርጓልን በቃሬዛ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ራጁም የታችኛው አከርካሪዋ ላይ ስንጥቅ አሳየ። ሐኪሙ «ማን ነው ሲጫናት የነበረው?» ብሎ ሲጠይቅ ምስጋናው ወለሉን አየ። ትድናለች ተባለ፤ ግን ወራት ሳትሮጥ፣ ሳትሸከም፣ ሳትጎነበስ መክረም አለባት። አባቷ ከአምበር ሊወስዳት ቢመጣ ዘመናይ «በተሰነጠቀ ወገብ ለማን ልትድራት ነው?» ብላ አፋጠጠችውና ልጅቱን እቤቷ አስተኛቻት። አባትየውም ተመለሰ፤ ቁርጡ ግን አልተሰረዘም፣ ለከርሞ ተዛወረ እንጂ።

በቀጣዩ እሑድ ምስጋናው ሊያስቀድስ ሲሄድ ገዳሙን ከቅጥሩ ውጭ አገኘው። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ግንቡን ተደግፎ ቅዳሴውን ከደጅ ይሰማል። ያ ሁሉ ወገቡን ያቀናለት ሰው እያየው ያልፋል እንጂ ቀርቦ የሚያናግረው የለም። ምስጋናው ሊገባ ሄደና ተመለሰ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገቡ ቆመ።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን እንደያዙ ወጡ። «ግዝት የጣሰ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምን» አሉ። ገዳሙ ከግንቡ ሥር አንዱን ድንጋይ ሊያነሳ ሲጎነበስ ምስጋናው ቀድሞት ጫንቃው ላይ አደረገው።

«ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ የተገዘትሁት እኔ ነኝ።»

«ያስገዘትሁት እኔ ነኝ።»

ድንጋዩ ከባድ ነበር። ከሥሩ ሆኖ እንኳ ከቅዳሴ ከሚወጡት ሴቶች መሐል የሳቀችብኝ አለች ይሆን ብሎ በጎን አየ፤ አመል መቼ በአንድ ቀን ይለቃል! ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ብለው ሁለቱንም አሳለሟቸው።

«በል እንግዲህ» አለ ምስጋናው ድንጋዩን አውርዶ። «አሁን ንገረኝ። ሁሉንም።»

ገዳሙ አፉን ከፈተ፤ ወሬው ግን አልመጣለትም፣ እንባው ቀደመ። «የመጀመሪያ ቀን ሳልዳስስ ነው የተጫንኋት» አለ። «ዝም ብዬ፣ እንደ ሾፌሮቹ። ‹ቋ› ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። ስንጥቁ ያን ጊዜም ነበረ ይሁን፣ ወይ እኔ ልሁን የሰነጠቅሁት፣ አላውቅም። ግዝቱን ፈርቼ ብቻ እንዳይመስልዎት ጋሼ። አንዳንዴ ግዝቱ ተመችቶኝ ነበር።»

ዓመት ሙሉ ጥፋተኛ ሲፈልግ የኖረ ሰው፣ ጥፋተኛው በገዛ እግሩ መጥቶ ሲቆምለት የሚያደርገው ጠፋው። መቆጣት ፈለገ፤ አልመጣለትም። ጉልበቱ ላይ አሁንም የልጅቱ ወገብ ይሰማው ነበር።

«ይህ ለእኔ የሚነገር አይደለም» አለ በመጨረሻ። «እሷ ቤቴ ተኝታለች። አንተም የአንተን፣ እኔም የእኔን እንነግራታለን።»

ገዳሙ ፊቱን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። «ብትረግመንስ?»

«ትርገመን» አለ ምስጋናው፤ ወደ ቤቱም ይዞት ሄደ።