ከንፈር ላይ የማይታየው

ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም «እትዬ» ይላታል። ዕድሜዋን ሽመና ክፍል የጨረሰች ሴት ናት። ክር ሲበጠስ ከማሽኑ ቀድማ ታውቃለች ይባላል፤ ሐሰት አይደለም። የምታውቀው ግን በዓይኗ ነው።

ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ ከተነሱ በኋላ መጮህ ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ ሰዉ በከንፈር ያወራል። ድምፅ ሳያወጣ አፉን ሰፋ አድርጎ ይናገራል፤ ሌላው በዓይኑ ይሰማል። ሐሜቱም ቀልዱም እንደዚያው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ ሰው ጆሮ ቀስ በቀስ ቢሞት ማን ልብ ይላል? የእትዬ ጆሮ እንዲያ ሞተ። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋባት። ኋላ ከጀርባዋ የሚጠራት ሰው።

ለማንም አልተናገረችም። በክፍሉ በር ላይ ደንብ ተለጥፏል፤ የአደጋ ደወል የማይሰማ ሰው ማሽን ላይ አይሠራም ይላል። አንዲት የሥራ ጓደኛዋ በዚህ ደንብ ወደ ማሸጊያ ተልካለች። እትዬ ለምሳ ስታልፍ ታያታለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ካርቶን ታጥፋለች። ሰላምታም ትታለች።

ነገሩ ተሸፋፍኖ ሲኖር አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ አስጠራት።

«እትዬ፣ አዲስ ማሽኖች ከታይላንድ ይመጣሉ። እዚያ ሄደው ሠልጥነው የሚመለሱ ሰዎች እንፈልጋለን። አሠልጣኞቹ ከቋንቋቸው ሌላ አያውቁም። ስለዚህ መጀመሪያ ቋንቋውን ትማራላችሁ። እርስዎን አስገብቼዎታለሁ።»

«ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ከእርስዎ ሌላ ማንን ልላክ? ምነው፣ ችግር አለ?»

ዓይን ዓይኗን አያት። ችግር የለም አለች።

ትምህርቱ ጠዋት ጠዋት ከፈረቃ በፊት ነው፤ ከቢሮዎቹ ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል። መስኮቷ ሲዘጋ የማሽኑ ድምፅ አይገባም። እትዬን ያስፈራት ይኸው ጸጥታ ነው። ጸጥታ ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከንፈሩንም ለይስሙላ ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

ተማሪዎቹ ሁሉም ሸማኔዎች ናቸው፤ ከአንድ ሰው በቀር። እሱ የጥገናው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ውሎው ከሽመና ክፍል ራቅ ባለ የራሱ ክፍል ነው። ቁመቱ የበር ጉበን ስለሚነካ «ረጅሙ» ይሉታል። እትዬ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ከእሱ ጎን ተቀመጠች። ከኋላዋ «ሻሽ» የሚሏት ባልደረባዋ አለች፤ ሻሽ ከራሷ ስለማይወርድ ነው። መምህሯ ታይላንዳዊት ናት፤ በትዳር መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ቋንቋችንን እየሰባበረች ግን ሳትፈራ የምትናገር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእትዬ ደግ ነበሩ። መምህሯ ከተ እና ከጠ መሃል ያለ ድምፅ አለን አለች። ሌላው ደግሞ ተ ነው፤ ትንፋሽ ይከተለዋል። ልዩነቱን ለማሳየት ቀጭን ወረቀት አፏ ፊት ያዘች። ትንፋሽ ያለበትን ስትናገር ወረቀቱ ተርገበገበ፤ የሌለበትን ስትናገር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌሎቹ ሲሳሳቱ እትዬ አንድም አልሳተችም። ወረቀቱን ነበር የምታየው።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ትውልድሽ እዚያው ነው» አለ ረጅሙ። «ደብቀሽን ነው።»

«ዝም ብለህ ተማር፣ አንተ ምሰሶ።»

ቀጥሎ የድምፅ ከፍታ መጣ። መምህሯ «ካው» አለች። ደግማ «ካው» አለች። አሁንም «ካው»።

«ዝቅ ሲል ዜና ነው። ከላይ ሲወድቅ ሩዝ። ከታች ሲነሳ ነጭ» አለችና ቀና ብላ አየቻቸው። «ሰማችሁ?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እትዬም ነቀነቀች። ያየችው አንዲት ሴት ያንኑ አፍ መላልሳ ስትከፍት ነው። ከንፈሩ ያው፣ ጥርሱ ያው። በዓይን የሚያዝ ነገር የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ደግፎ ያቆማት ብልሃት በአንድ ጠዋት ከዳት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፏ ሸሸ፤ ምግብም አልወርድ አላት። ያወጣት ጽሕፈቱ ነው። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ፊደሎቹን ስትደረድር እትዬ ዓይኗን ተከለች። አብዛኞቹ ከትንሽ ክብ ይነሳሉ፤ እጅ ከክቡ ጀምሮ ይዞራል። የእኛ ፊደል አናባቢውን በራሱ ላይ ይዞ ይዞራል፤ የእነሱ አናባቢ ግን እንደልቡ ነው። አንዱ ከላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ከታች። ከፊደሉ በፊት ተጽፎ ከፊደሉ በኋላ የሚነበብም አለ። በቃልና በቃል መሃል ክፍት የለም፤ መስመሩ እንደ ጨርቅ አንድ ወጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ ልቧን ያረጋው አንድ ነገር ነው። የድምፁ ከፍታ ተጽፏል። ፊደሎቹ በሦስት ወገን ተከፍለዋል፤ ከላያቸው ትናንሽ ምልክቶች ይቀመጣሉ። ያው ምልክት በአንዱ ወገን ላይ ድምፁን ይጥላል፣ በሌላው ላይ ከፍ ያደርገዋል። ሌሎቹ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። እትዬ ግን ድርና ማግ ስትቆጥር የኖረች ናት። ወገኑን ለየች፣ ምልክቱን አየች፣ ድምፁን አገኘችው። ሳትሰማው።

መናገሩን ቤቷ ተለማመደች። እጇን ጉሮሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ ድምፁ ሲነሳ ጉሮሮዋ ከጣቷ ሥር ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሲወድቅ ይወርዳል። ልጇ ስልክ ይዛ ከጎኗ ትቀመጣለች።

«ከስልኩ ጋር አንድ ነው?»

«አንድ ነው። የመጨረሻው ትንሽ ቀረ።»

«አሁንስ?»

«አሁን መጣ። እማዬ፣ ስልኩን ራስሽ ለምን አትሰሚውም?»

«መነጽሬን አላደረግኩማ።»

ልጅቷ ስልኩን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ትናንት ቴሌቪዥኑን ጎረቤቱ ሁሉ አብሮሽ ነው ያየው። ጆሮሽን ታዪው።»

«ጆሮዬ ምን ሆነ? ምሳ ቋጥሪልኝ፣ ረፈደብኝ።»

አንድ ሐሙስ መምህሯ መጽሐፏን ዘጋች። «ሰኞ ፈተና ነው። ከኋላችሁ ቆሜ እናገራለሁ፣ እናንተ ትጽፋላችሁ። አፌን አታዩም። አሠልጣኞቹ ማሽን ላይ ጎንበስ ብለው ነው የሚያወሩት። ውጤቱን በዚያው ቀን ለኃላፊው እሰጣለሁ።»

እትዬ የምትችለውን ቆጠረች። ማንበብ ትችላለች፣ መጻፍ ትችላለች፣ መናገርም አያቅታትም። ከጀርባዋ የሚመጣን ቃል ግን ከየት ታመጣዋለች? ታመምኩ ልትል አሰበች። መታመም ሐኪም ጋ ያስልካል፤ ሐኪሙ ደግሞ ጆሮ ያያል። ሰኞ ሄደች።

ለያንዳንዱ ሰው ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ታደለ። ጽፈው ወደ ኋላ ከፍ አድርገው ያሳያሉ፣ ያጠፋሉ። መምህሯ አልፋት ወደ ኋላ ስትሄድ እትዬ ቀሚሷን ጨብጣ ተቀመጠች። ከዚያ ምንም የለም። ባዶ ግድግዳ ፊቷ ቆሟል።

የረጅሙ እጅ ተንቀሳቀሰ። ቃል ተነግሯል ማለት ነው። ዓይኗ ወደ ሰሌዳው ሾለከ፤ ጻፈች። እሱ ሲያነሳ አነሳች። በሁለተኛውም እንዲሁ አደረገች። ፊቷ ጋለ። በሕይወቷ የሰው ሥራ የራሷ አስመስላ አታውቅም።

በሦስተኛው ረጅሙን ሳል ያዘው። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳለ። ሲበርድለት ማርከሩን አንስቶ አመነታና የመጀመሪያዋን ፊደል፣ በዶሮ ስም የምትጠራውን፣ ብቻዋን ጻፈ። አናባቢ የላትም፤ ቃል አይደለችም። እትዬ የማታነብ ብትሆን ኖሮ ትገለብጣት ነበር። ግን ታነባለች። ማርከሯ ሰሌዳው ላይ ቆመ።

የምታደርገውን ያወቀችው እጇ ከጀመረ በኋላ ነው። አናባቢውን አስቀደመች፣ ፊደሉን አስከተለች፣ ምልክቱን ከላይ አሳረፈች። ንጹሕ ጽሕፈት ነበር። «አልሰማም» ይላል፣ በታይ ቋንቋ። ከፍ አድርጋ ወደ ኋላ አሳየች።

ጠበቀች። ረጅሙ ዞረ። እሷም ዞረች።

መምህሯ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። በእሷና በእትዬ መሃል ሰሌዳዎቹ ሁሉ ተነስተዋል። በሁሉም ላይ የዶሮዋ ፊደል ብቻዋን ተጽፋለች። የሻሽ ላይ፣ ከሻሽ ኋላ ባለው ላይ፣ እስከ ዳር።

እትዬ አየችው፤ ሁሉም እንደ እሷ የረጅሙን ሰሌዳ ነበር የሚገለብጡት። ያው ጉድለት ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲደገም ሸማኔ ክሩን አይወቅስም፤ ማሽኑን ነው የሚያየው።

መምህሯ ወደ ፊት መጥታ ፊቷን ሰጠቻቸው። ቀስ ብላ ተናገረች። «ምን ብዬ ነበር?»

ሰሌዳዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

«እኔ እያሳለኝ ነበር» አለ ረጅሙ።

«አንተን አስሎሃል። ሌሎቹ አልሳሉም።»

ሻሽ ሰሌዳዋን ጭኗ ላይ ገልብጣ እትዬ ላይ አፈጠጠች። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ፣ እንደ ሽመና ክፍል። «ምን አደረግሽን? ዝም ብትዪ ያልፍ ነበር።»

«የት ያልፋል?» አለች እትዬ፣ እሷም በከንፈር። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሻሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከንፈሯን ወደ እትዬ መለሰች። «ልጄ ሳትዳር ነው። ልጄ አሁን ልጅ አላት።»

ከኋላ ያለው ሰውዬም ጆሮውን በጣቱ ነካ። ከእሱ ጎን ያለችው አቀረቀረች።

መምህሯ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «እኔ የምዋሽ ሰው አይደለሁም። ለኃላፊው ያየሁትን እነግራለሁ። ግን ከምሳ በፊት አልሄድም።»

ረጅሙ መሃላቸው ግራ ተጋብቶ ቆመ። «ቆይ፣ እኔ ነኝ ደህናው? በጥገና ክፍል እኔን ነው ደንቆሮ የሚሉኝ።»

ሻሽ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

«አንድ ሰው ሲሆን ማሸጊያ ይልከዋል» አለች እትዬ፤ አሁን በድምፅ ነው፣ ሁሉም እንዲያዩዋት ቆማ። «ሁላችንን የት ይልካል? ጨርቁን ማን ይሠራዋል? ከመምህሯ አፍ ከሚሰማው ከእኛ ይስማ። እኔ እሄዳለሁ። የሚመጣ ይምጣ።»

ወጣች። ስንት ሰው እንደተነሳ አላወቀችም፤ ኮቴ አይሰማትም፣ ዞራ ማየቱንም ፈራች። ኮሪደሩ ረዘመባት። የኃላፊው በር ጋ ስትደርስ ነው የዞረችው። ሻሽ ከኋላዋ አለች፤ ከሻሽ ኋላ ሌሎቹ፣ ከሁሉ በላይ የረጅሙ ራስ። የቀሩም አሉ። ማን እንደቀረ ግን ለማጣራት አልፈለገች።

አንኳኳች። ከውስጥ ግቡ ይባል፣ ቆዩ ይባል፣ ለእሷ ያው ነው። ቀና ብላ ረጅሙን አየችው።

ራሱን ነቀነቀላት። በሩን ከፈተች።