እጁ እስኪነሳ

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ነአምን እግሮቹን ገተረ። ማዕዶት በአንድ እጇ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ በሌላው ልጇን ወደ ደረቷ አጥብቃ ቆመች። ሰውነቱ እንዲህ ሲገተር መታገል እንደማያዋጣ ታውቃለች፤ ጉልበቱን ከሥር ቀስ አድርጎ ማጠፍና እስኪለቅ መታገስ ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል። ጄኔሬተሩ የሚያገለግለው ምድር ቤት ያለውን ሱፐርማርኬት ብቻ ነው። ከኋላዋ ይወጡ የነበሩ አንድ ሰውዬ ላግዝሽ ቢሏት ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለች። ልጁ የማያውቀው ሰው ሲይዘው እንደሚያለቅስ ለማስረዳት የሚበቃ ትንፋሽ አልነበራትም።

ነአምን ስድስት ዓመቱ ነው። አይሄድም፣ አይናገርም፤ የሚጥል በሽታም አለበት። ከሁለቱ እጆቹ የሚታዘዝለት ግራው ነው፣ እሱም ሲፈልግ። እዚህ ሲግናል ሰፈር ወዳለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማዕከል ለመግባት ከዓመት በላይ ተራ ጠብቀዋል። ማዕከሉ ደግሞ የሚቀበለው ልጁን ብቻ ሳይሆን ከነቤተሰቡ ነው፤ ልጁን የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያስተኛው ሰው ሁሉ በወር አንድ ቀን አብሮ መጥቶ ይማራል፣ ይመከራል። ያ ቀን ዛሬ ነበር።

ባሏ ሰርፀ ትናንት ማታ እመጣለሁ ብሎ ነበር። ጠዋት ስትደውልለት ከላምበረት መናኸሪያ በጩኸት መሐል ሆኖ፣ የባሕር ዳሩ አውቶቡስ እንደተበላሸ፣ ሌላ እስኪመድብ ድረስ ተሳፋሪው አንገቱን እንዳነቀው ነገራት። የስምሪት ሠራተኛ ነው፤ አውቶቡስ የማይበላሽበት ቀን ደግሞ የለም። አማቷ እትዬ በለጡ ግን ይመጣሉ ብላ ነበር። ስትነሳ አልጋቸው ተነጥፎ፣ እሳቸው ገና ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ማርያም ወጥተዋል። ወርኃዊው በዓል መሆኑን እሷ ረስታ፣ እሳቸው ሳያስታውሷት።

የማዕከሉ የምክር ባለሙያ እየሩስ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ከማዕዶት ኋላ ያለውን ባዶ ደረጃ ነበር።

"ሌሎቹስ?"

"እኔ መጥቻለሁ።"

እየሩስ ነአምንን ተቀብላ ጠረጴዛ በተገጠመለት ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ ወገቡን በቀበቶው ያዘችለት፤ የተፈጨ ሙዝ በማንኪያ ጨልፋ ሊያየው ወደሚችልበት ከፍ አደረገች። ከዚያ በኋላ ምንም አላደረገችም። ማንኪያውን እንደያዘች፣ ፊቷን እንደፈታች ጠበቀች። ልጁ ማንኪያውን አየ፣ እሷን አየ፣ አፉን ከፈተ። አልሰጠችውም። ቆየ። የግራ እጁ ጣቶች ተፍታቱ፤ እጁ ከጠረጴዛው ተነሳ፤ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ የእየሩስ አንጓ ላይ አረፈ።

"ጠየቅከኝ አይደል? እንካ" ብላ አጎረሰችው።

ማዕዶት ይህን ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ግን ባየችው ቁጥር ደስታው ሳያልቅ ንዴት ይከተለዋል። ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አድርጎት አያውቅም። ለምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ባለፈውም ጠይቃ ነበር።

"ቤት ማን ይጠብቀዋል?" አለች እየሩስ። "አፉን ሳይከፍት ይጎርሳል፣ ሳይጠማው ይጠጣል ብለሽኛል እኮ። ሁሉ ነገር ሲቀድመው ምን ብሎ እጁን ያነሳል? እስቲ ልጠይቅሽ፣ አንቺ ሥራ ስትሆኚ ቀኑን አብሮት የሚውለው ማን ነው?"

"አያቱ።"

"ታዲያ እኔ አንቺን የማስተምረው ለምንድን ነው?"

ማዕዶት ፊቷ ነደደ። የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የተጋጨ መኪና ባለቤቶች ሲጮኹባት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትመልሳለች። እዚህ ግን አቃታት።

"ቤተሰብ፣ ቤተሰብ ትላላችሁ። ቤተሰቡ እኔ ነኝ። ደረጃውን ተሸክሜው የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሲንቀጠቀጥ የምይዘው እኔ፣ አለቃዬ ፊት የምቆመው እኔ። ሰው ጎትቼ ማምጣት ደግሞ ሥራዬ ነው?"

"ድካምሽ አልጠፋኝም" አለች እየሩስ ቀስ ብላ። "ብቻሽን የያዝሽው ነገር ቤት ስትገቢ ብቻሽን ይዘሽው ትቀሪያለሽ፣ እሱን ነው የምልሽ።"

ከዚያ ያልፈለገችውን ነገር ለመናገር እንደተገደደ ሰው ሆና አስረዳቻት። ቤተሰቡ ሲቀር ይህ ሦስተኛው ነው። ደጅ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ ማዕከሉም ደንቡን ለማንም አያላላም። ነገ ጠዋት ሥራ እንደተጀመረ ክፍት ሰዓት አላት። የሚያበሉት ሰዎች ከመጡ ነአምን ይቀጥላል። ካልመጡ ተራው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ዛሬ ምሳ ላይ ደግሞ፣ ሁሉም ባሉበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠብቁት።

ቀበና ያለው ቤታቸው የእትዬ በለጡ ነው፤ ከባላቸው ጋር የሠሩት፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት። በግቢው የሚወጣና የሚገባ ሁሉ፣ ዘመድም ተከራይም፣ ነአምንን ሲያይ አፉ ላይ አንድ ነገር ሳያደርግለት አያልፍም። ማዕዶት ከታክሲ ወርዳ ልጇን እንዳቀፈች ስትገባ እትዬ በለጡ ከእንጦጦ ተመልሰው፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከማርያም ማኅበራቸው ያመጡትን ዳቦ በሻይ አርሰውታል። ማዕዶት የልጁን ሹራብ ከማውለቋ በፊት ዳቦው አፉ ውስጥ ገባ።

"ጸበል ጻዲቅ ነው" አሉ። "ስሙን ጠርቼ ነው ያስባረክሁት።"

ማዕዶት ልጁን እንደ ማዕከሉ ጠረጴዛ በተገጠመለት የቤት ወንበሩ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ነገው፣ ስለ ተራው፣ ስለ እጁ። እትዬ በለጡ ጉዳዩን ሰምተው ሲያበቁ የያዙት አንዲት ቃል ነበር።

"ይጠይቅ ማለት ምን ማለት ነው?"

"እጁን እስኪያነሳ እንጠብቀው ነው የምለው፣ እማማ።"

"በአባቱ ቤት እህል ይለምን?" ድምፃቸው አልጨመረም፤ ይልቅ ወረደ። "እዚህ ቤት ስንቱን አሳደግሁ፤ አንዱም ራበኝ ብሎ አያውቅም። ከመራቡ በፊት ነው የማጎርሰው። ይኼ ደግሞ አፍ የሌለው ነው። አፍ ለሌለው ቀድመሽ ታውቂለታለሽ እንጂ እህል አሳይተሽ ታስለቅሺዋለሽ?"

"እኔ እኮ አፍ እንዲኖረው ነው የምፈልገው።"

"እኔ አልፈልግም ወጣኝ?"

ሰርፀ የገባው በዚህ መሐል ነበር። አውቶቡሱን አስወጥቶ፣ ላቡን ሳይጠርግ፣ በሚስቱ ሦስት ጥሪ ተጎትቶ የመጣ ሰው ነው። ሁለቱን ሴቶች አየ፤ ነገሩን ለማብረድ ሲል ሳቀ።

"እናቴን ማጉረስ ልታስተምሪያት ነው? እኔን እንኳ፣ ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ፣ ይኸው እስካሁን ታጎርሰኛለች።"

"አንተ ማውራት ስለምትችል ነው የሚያስቅህ" አለች ማዕዶት።

ሰርፀ ሳቁን ዋጠው። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ነገ ካልሄዱ ተራው ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ ስትነግረው፣ ማዕከሉ ለምን ቅዳሜ እንደማይሠራ ጠየቀ፤ ከዚያ ለምን ወደ ቤት እንደማይመጡ ጠየቀ። መልስ እየጠበቀ እንዳልሆነ ስለገባት ወደ አማቷ ዞረች። አንድ ጉርሻ ብቻ እንዲታገሡ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ እንዲያበሉት ለመነቻቸው። እትዬ በለጡ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ሁለት እጃቸውን ከውስጥ ከተቱ።

"እሺ። ይኸው እጄን አሰርሁ። የሚሆነውን እናያለን።"

ሽሮ ፍትፍቱ ለስለስ ብሎ ተዘጋጅቷል። ሰርፀ ከወዲያ፣ እትዬ በለጡ ከልጁ ጎን፣ ማዕዶት ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ትንሽ ጉርሻ ጠቅልላ እሱ ሊያይ ወደሚችልበት አነሳች። እንደ እየሩስ ፊቷን ለመፍታት ሞከረች፤ ጉንጮቿ ግን እንደ እንጨት ሆኑባት።

ነአምን ጉርሻውን አየ። አፉን ከፈተ። ምንም ሳይመጣ ሲቀር ወደ አያቱ ዞረ፤ የምግብ መምጫው ዘወትር ከዚያ ነውና። እትዬ በለጡ ጥርሳቸውን ነክሰው መሶቡን አዩ። የሰርፀ ስልክ ነዘረ፤ አጥፍቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ እንደገና ነዘረ። ልጁ ከጉሮሮው አንድ ድምፅ አወጣ። እንደማልቀስ ነው፣ ግን ገና ልቅሶ አይደለም። ማዕዶት ታገሰች። ክንዷ መዛል ጀመረ። የነአምን ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኖቹ ሞሉ። እሷን እያያት ነበር፤ ምን አጠፋሁ እንደሚል ሰው።

መቼ እንዳደረገችው አታውቅም። ጉርሻው አፉ ውስጥ ነበር።

ነአምን እያላመጠ ዝም አለ። ማዕዶት የባዶ እጇን ጣቶች አየች። እትዬ በለጡ እንደሚስቁባት፣ ነግሬሽ አልነበር እንደሚሉ ጠብቃለች። እሳቸው ግን ከነጠላቸው ውስጥ አንድ እጃቸውን አውጥተው ጭናቸውን መቱ።

"ምነው አንቺ! እጁ ተነስቶ ነበር እኮ።"

"የቱ እጁ?"

"ግራው ነዋ። ከጎኑ ነኝ፣ አየሁት። ከእንጨቱ ብድግ ብሎ ወዳንቺ ሊመጣ ሲል አፉ ላይ ወተፍሽበት።"

ማዕዶት ሰርፀን አየችው። ሰርፀ ስልኩን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እሱ እንዳላየ ተናገረ። እሷም አላየችም። እንባውን ነበር የምታየው። የግራ እጁ አሁን ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ መዳፉ ወደ ላይ ነው። ቅድም እንዴት ነበር? ልታስታውስ አልቻለችም። ምናልባት አሮጊቷ ክርክሩን ለመርታት ያሉት ይሆናል። ግን ፊታቸው የረታ ሰው ፊት አልነበረም። አጠገባቸው ያለውን ትንሽ እጅ ከእጃቸው እንደተነጠቀ ዕቃ ትክ ብለው ያዩታል፤ ተናድደዋል።

"ድገሚው" አሉ።

ደገመችው። ነአምን ፊቱን አዞረ። ሦስተኛውን ጉርሻ እትዬ በለጡ ራሳቸው ጠቅልለው ያዙለት፤ ያን ጊዜም ጠበቁ፤ ዓይኖቹ ግን መከደን ጀምረው ነበር። የጠዋቱ ደረጃና ታክሲ አድክሞታል። አንገቱ ወደ ጎን ወደቀ። ጉርሻው በእጃቸው ቀረ። ለማንም ሳይሰጡ ወደ መሶቡ መለሱት።

ማዕዶት ልጇን አስተኝታ ስትመለስ ሰርፀ ጃኬቱን ይዞ ቆሟል። ለማታው ስምሪት ወደ ላምበረት መመለስ አለበት። እሷ ስልኳን አውጥታ የአለቃዋን ቁጥር ፈልጋ አግኝታዋለች፤ ለነገ ጠዋትም ፈቃድ ልትጠይቅ፣ የሚመልስላትንም ቃል በቃል ታውቀዋለች።

"ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?" አለ ሰርፀ።

የምትሄዱት አለ እንጂ የምንሄደው አላለም። ማዕዶት ስልኳን መልሳ አስቀመጠች። ቅድም ማዕከሉ ውስጥ ቤተሰቡ እኔ ነኝ ብላ ስትጮህ እውነት ነበር የመሰላት። እውነትም ነው። ለዚያ ነው ይኼ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው።

"እኔ ነገ ሥራ እገባለሁ" አለች።

"እና ማን ይሂድ?"

"አንተ ትሸከመዋለህ። እማማም ይሄዳሉ።"

እትዬ በለጡ መሶቡን ሊያነሱ ጎንበስ ካሉበት ቀና አሉ። "እኔ እዚያ ሄጄ ምን እላለሁ?"

"ያዩትን ይነግሯታል። እኔ አላየሁትም፣ እማማ። ሄጄ ምን ብዬ ልንገራት?"

አሮጊቷ መሶቡን እንደያዙ፣ ያቺ የማዕከሉ ልጅ ስታበላው ከፊቱ ነው ከጎኑ የምትቀመጠው ብለው ጠየቁ። ማዕዶት ከፊቱ መሆኑን ነገረቻቸው። እትዬ በለጡ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከጎኑ ነው የሚሻለው፣ ከፊት ለፊት ሆና ምኑን ታያለች ብለው እያጉረመረሙ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሰርፀ ነገ የጎንደሩ አውቶቡስ እንዳለ፣ የሚተካው ሰው እንደሌለ መናገር ጀመረ። ማዕዶት አልተከራከረችውም። የልጁን የነገ ቦርሳ ከጓዳው አምጥታ፣ በእጁ የያዘውን ጃኬት ሲለብስ ጠብቃ፣ ትከሻው ላይ አንጠለጠለችለት። መድኃኒቱ የትኛው ኪስ ውስጥ እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰጠው፣ ደረጃው ላይ እግሩን ሲገትር ጉልበቱ ከየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሁልጊዜ ሳይጠይቃት ነበር የምትነግረው።

ሰርፀ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ መዘነው። አንዱን ዚፕ ከፈተ፣ ዘጋው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

ማዕዶት አፏን ዘግታ ጠበቀችው።