ስልሳ አንድ በጭቃ ላይ

«ይሄ ምን የሚባል ጽሑፍ ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ? ከተማችን መርሳ በታጣቂዎች እጅ ከገባች ወዲህ ቤት ለቤት ይፈትሻሉ። የእኔ በረንዳ ላይ ደግሞ ጭረት የሞላባቸው የጭቃ ሰሌዳዎች ተደርድረው ይደርቃሉ። ሚስጥር የምታስተላልፍበት ነው ብለው ፀሐይን ቢወስዱብኝስ?

ፀሐይ ልጄ ናት፤ የሒሳብ አስተማሪ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ደብተርም ሲታጣ፣ የልጅ ልጄን እየሩሳሌምንና የጎረቤታችንን ልጅ ዘይነባን ሰብስባ እንደ ጥንት ባቢሎን ልጆች አስተምራለሁ አለች። ጭቃ አቡክታ፣ የማሽላ አገዳ በሰያፍ ቆርጣ ሰጠቻቸው። አገዳውን ጫን ሲያደርጉት አንድ ነው። ያው ምልክት ወደ ግራ ፈቀቅ ካለ ስልሳ ይሆናል።

«እንዴት አንዱ ስልሳ ይሆናል?» አልኳት። ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

«እማዬ፣ ስልሳ ደቂቃ ሲሞላ አንድ ሰዓት አትይም?»

የገባኝም ያልገባኝም መሰለኝ። ሽሮ ሳማስል እንኳ ነገሩ አልለቅ አለኝ።

አንድ ረፋድ ላይ አንድ ወጣት ታጣቂ ብቻውን ገባ። ፀሐይን ወደ ጓዳ ገፋኋት። ልጁ አንዱን ሰሌዳ አነሳ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እማማ?»

«አምባሻ ነው ልጄ። ልጆች በጭቃ እየሠሩ ይጫወታሉ።»

ገልበጥ አድርጎ አየው። «የአምባሻ ጌጥ ዙሪያውን ይዞራል። እናቴ እንዲህ በሰልፍ አታቆመውም።»

ሰሌዳውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። እየሩሳሌም ደግሞ ሥራዋ አምባሻ ተባለባትና ተናደደች።

«ቁጥር ነው! የባቢሎን ሰዎች ቁጥር!»

«ዝም በይ አንቺ!» አልኳት።

«ይተዋት» አለና ቁጢጥ አለ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

ዘይነባ እርጥብ ጭቃና አገዳ አቀበለችው። «እስቲ ስልሳ አንድ ጻፍ!»

ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገ። ልጆቹ ሳቁበት።

«ሁለት ሆነብህ! ራቅ አድርገው እንጂ!»

በአውራ ጣቱ ደመሰሰው። አንዱን ጫነ፣ ክፍተት ተወ፣ ሌላውን ጫነ። እኔም ፍርሃቴን ረስቼ አንገቴን አሰገግኩ፤ ለካ ነገሩን ሁሉ የሚለየው በመሐል ያለው ባዶ ነው!

«ማነው ያስተማራችሁ?» አለ።

ሁለቱም ወደ ጓዳው በር ዞሩ። ቶሎ ብዬ በሩ ፊት ቆምኩ።

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?» አገዳውን ዘረጋልኝ። «እንግዲያው መቶ ሃያ አንድ ይጻፉልኛ።»

አገዳውን ተቀበልኩ። መቶ ሃያ ደቂቃ ስንት ሰዓት ነው? ሁለት። ሁለቱን አጠጋግቼ ጫንኩ። ራቅ አድርጌ አንድ ጨመርኩ።

እየሩሳሌም አጨበጨበች። እሱ ሰሌዳዬን ከራሱ ጋር አስተያየ፤ ከዚያ ከትከሻዬ በላይ የጓዳውን በር ረዘም አድርጎ ተመለከተ። ጠመንጃውን አነገተና ወጣ።