ያየ ሰው

"አላየሁም አልኩሽ እኮ፣ ጤናዬ!"

ዘመንፈስቅዱስ የጤፍ ኬሻ እንደተሸከመ አልፏት ወደ መጋዘኑ ሊገባ ሲል፣ ጤናዬ ፊቱ ተገተረች። ከእህል በረንዳ ወዛደሮች ሁሉ ለባሏ የቅርብ ወዳጅ እሱ ነበር፤ የልጇም የክርስትና አባት ነው።

ባሏ ይገረም ባለፈው ወር እዚሁ መጋዘን በር ላይ ሞተ። ሾፌሩ ስለቀረ፣ ከይገረም ጋር ኬሻ የሚሸከመው ማሙሸት የጭነት መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ማሙሸት መንጃ ፈቃድ የለውም። አሁን እስር ቤት ሆኖ "ቁልፉን የሰጡኝ ጋሼ ዱባለ ናቸው" እያለ ይምላል። የመጋዘኑ ባለቤት ጋሼ ዱባለ ግን "ቁልፌን ሰርቆ ነው የነዳው። ገዳዩ እሱ ነው፤ እኔን ምን አድርግ ነው የምትይኝ?" ብለው ሸኝተዋታል።

"ለቅሶ ላይ ምን ነበር ያልከኝ?" አለችው። "'ቁልፉን ሲወረውሩለት አጠገባቸው ነበርኩ' አላልከኝም?"

ኬሻውን አወረደው። ፊቱ በጤፍ ብናኝ ነጥቷል።

"ሐዘን ነው ያናገረኝ። ልጆች አሉኝ፣ ጤናዬ። ከዚህ ከተባረርኩ መርካቶ ውስጥ ማን ያሠራኛል?"

"የይገረምስ ልጅ?"

ጎንበስ ብሎ ኬሻውን ሊያነሳ ታገለ፤ ብቻውን አቃተው። ወትሮ የሚያሸክመው ይገረም ነበር። ጤናዬ ሳታስበው አንዱን ጫፍ ይዛ አሸከመችውና ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ለድሆች በነፃ የምትሟገት ጠበቃ ዘንድ ገባች።

"ሠራተኛ በሥራ ላይ ባልደረባውን ቢገድልም አሠሪው ይጠየቃል" አለቻት ጠበቃዋ። "ግን ማሙሸት ታዞ እንደነዳ የሚመሰክር ያስፈልገናል። ያየ ሰው አለ?"

ጤናዬ የዘመንፈስቅዱስን ስም ከጠራች ጋሼ ዱባለ ውለው ሳያድሩ ያባርሩታል። ያም ሆኖ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ምሎ ተገዝቶ አላየሁም ሊል ይችላል። ያኔ ባልም የላት፣ ፍርድም የላት፣ ወዳጅም የላት። ማሙሸትም እንደታሰረ ይቀራል።

"ከሌለ፣ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ክሱ ውድቅ ነው የሚሆነው።"

"አለ" አለች ጤናዬ። "ዘመንፈስቅዱስ ይባላል። መጥሪያ ይድረሰው።"

"ዘመድሽ ነው?"

ጤናዬ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠመጠመች።

"ምኔም አይደለም" አለች።