በቀብር መዝገብ የተፈረመ አቤቱታ

ሊመልሰው ነው፣ አይ ሊመልሰው ነው፣ የሻረግ ከጣቱ ታውቃለች፣ የወረዳ ሰው ወረቀት ሊቀበል ሲል ዓይኑ ማኅተም ይፈልጋል፣ ሊመልስ ሲል ግን ገጹን በሁለት ጣቱ እየቆነጠረ ያገላብጣል፣ ይሄም ልጅ እያገላበጠ ነው፣ የአብስራ ይላል ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ስም፣ ቢበዛ የናዝሬትን፣ የመጨረሻ ልጇን ዕድሜ ቢያክል ነው፣ ማዘር ይላታል፣ ማዘር ይሄ እኮ የእድር መዝገብ ነው።

ነዋ። ታዲያስ?

የእድሩ ጸሐፊ እሷ ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጌጃ ሰፈርን ሟች በዚህ መዝገብ የጻፈች፣ ቀብር የመጣውን ያስፈረመች፣ የቀረውን ያስቀጣች፣ እሱ ግን ያነብላታል፣ የገዛ መዝገቧን ለራሷ፣ በቀብር ላይ የተገኙ አባላት ስምና ፊርማ፣ የሟች ስም ባዶ፣ የቀብር ቦታ ባዶ፣ ከሥሩ አራት መቶ አሥራ ሰባት ሰው፣ እነዚህ ሰዎች አቤቱታ አልፈረሙም ማዘር፣ በሕግ ሲታይ ቀብር ላይ ተገኝተናል ብለው ነው የፈረሙት።

በሕግ ሲታይ አለ እኮ! ፊርማው የሚጀምርበት ገጽ ላይ በእጇ ጽፋዋለች፣ በደማቁ፣ የጤና ጣቢያችን ማዋለጃ ክፍል ለግል ክሊኒክ መተላለፉን የምንቃወም ነዋሪዎች ብላ፣ የታተመውን አርእስት መሰረዝ ግን አልታያትም፣ አንድ መስመር፣ አንዲት መስመር በእስኪሪብቶ ሰርዘሽ ብታልፊ ምን ነበረበት አንቺ ሴትዮ፣ ነስሪንስ ነግራት አልነበር፣ የኮንዶሚኒየሟ ልጅ፣ ፋርማሲ የምትሠራው፣ እትዬ የሻር ንጹሕ ወረቀት ላይ ይሁን፣ እኔ ፕሪንት አስደርጋለሁ፣ ጀለሶቼን ይዤ ሰፈሩን በአንድ ቀን አዳርሰዋለሁ፣ አይ ልጄ አለቻት፣ የኛን ሰው አታውቂውም፣ ንጹሕ ወረቀት ላይ ፈርም ስትይው ቤትህን ልቀቅ የሚል ይመስለዋል፣ ስንቱ ጎረቤት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፈርሞ ተነስቷል፣ የእድር መዝገብ ላይ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል። እውነትም ፈረመ። ሦስት እሑድ በር ለበር ዞረው፣ ያቺ ከማንም ጋር የማትነጋገረው የባለሱቁ ሚስት እንኳ ፈረመች፣ አሁን ለዚህ፣ ለዚህ ለሸሚዙ ለተጠነቀቀ ልጅ፣ አራት መቶ አሥራ ሰባት ሰው ለቀስተኛ ሆኖ ቀረ።

እንደገና ያስፈርሙ ይላል፣ ትሕትናውማ አይጣል ነው፣ ውሃ ይምጣልዎት ወይ ብሏታል ሁለቴ። መቼ ነው የማስፈርመው? የወረዳው ኮሚቴ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይቀመጣል፣ ዛሬ ካጸደቀ ክፍሉ በወሩ መጨረሻ ቁልፉ ይቀየራል፣ ናዝሬት ደግሞ ለመውለድ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ዐሥር ቀን ቢቀራት ነው፣ ያውም በዚያ ደም ግፊቷ፣ ሲስተር ትርንጎ ናት ያገኘችባት፣ አዋላጇ፣ በሳምንት በሳምንቱ እየጠራች ትለካታለች፣ እናቴ አትስጊ፣ ብቻ ምልክት ካየሽባት ሳትውዪ ሳታድሪ ወደኔ፣ ቅርብ ናችሁ፣ ቅርብ ናችሁ አለች፣ ከቤት እስከ ጤና ጣቢያው እኮ ነጠላ እስኪጣፋ ነው፣ በነፃ፣ መንግሥት የሕዝብ ነው ብሎ በከፈተው ክፍል።

አማራጭ ተዘጋጅቷል ማዘር፣ እናቶች ወደ ሌላ ጣቢያ ይላካሉ፣ ክሊኒኩ ሲገባ ደግሞ ዕቃው ሁሉ ዘመናዊ ነው የሚሆነው። ሌላው ጣቢያ ሁለት ታክሲ ነው! በሁለት ታክሲ ምጥ፣ ሰልፍ ላይ ቁሚ እሺ፣ ወራጅ አለ በዪ እሺ፣ ዘመናዊውንስ ናዝሬት በመስኮት ልታየው ነው? ይሄ ልጅ የት ተወለደ፣ እናቱ ምን ከፍላ ወለደችው፣ ልጠይቀው እንዴ፣ ተይ፣ ተይ የሻረግ፣ ወረቀቱን ያዢ።

ገጽ ሠላሳ አራትን ትገልጥለታለች። ያኔ ክፍሉ አልተከፈተም ነበር። ሴና፣ የጎረቤቷ ልጅ፣ ሚያዝያ ወር፣ ምጥ ይዟት ላዳ ታክሲ ውስጥ፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ መንገዱን ቆፍረውት መኪናው ማለፊያ አጥቶ፣ ሾፌሩ ወርዶ እያለቀሰ መንገድ ልቀቁ ሲል፣ እናትና ልጅ በአንድ ሣጥን። ገጽ አርባ አንድ ሌላዋ። አርባ ስድስት ሌላዋ። ከዚያ ክፍሉ ተከፈተ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው፣ እስቲ ከዚህ ወዲህ አገላብጥ ልጄ ትለዋለች፣ በስኳር የሞተ አለ፣ በመኪና አለ፣ በእርጅና አለ፣ ስትወልድ የሞተች አንዲት አምጣልኝ፣ አንዲት! ሪፖርት አይደል የምትወዱት፣ ይኸውልህ ሪፖርት፣ በለቅሶ የተጻፈ።

አያገላብጥም። ለአፍታ ያየውና፣ ለአፍታ ፊቱ የሰው ፊት ይሆንና፣ መልሶ ይከድነዋል፣ ይገባኛል ማዘር፣ ግን እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፣ ፈቃዱም እንደዚያ ነው የሚለው፣ የጤና ጉዳይ እድርን አይመለከተውም።

አይመለከተውም።

ለመቅበር ሲሆን ሕጋዊ ነን፣ አትግደሉን ስንል ሕገወጥ፣ ሬሳ ስንሸከም የልማት አጋር፣ የግንቦት ስብሰባ ላይ እንደዚያ ነበር ያሉን፣ አጋር፣ አጨብጭበንም ነበር፣ አዬ ጉድ፣ መጣሁ ልጄ ብላው ትወጣለች፣ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ኮሪደር፣ ደረጃ፣ ስልኳ፣ መነጽሯ የት ገባ፣ አንገቷ ላይ ነው፣ በ፣ በድሉ፣ ጋሽ በድሉ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ።

ሃሎ ጋሼ፣ ጥሩምባውን ይዘው ይውጡ። ማን ሞተ የሻረግ? ማንም አልሞተም። ምን አልሽ? ማንም አልሞተም፣ ሰውን ወረዳው በር ላይ ይጥሩልኝ፣ አሁኑኑ፣ ድንኳኑንም። ደህና ነሽ ወይ ይላታል፣ ጥሩምባ እኮ በማለዳ ነው፣ ደግሞም ስም ተጠርቶ ነው፣ በቁም ሰው ላይ ጥሩምባ አይነፋም፣ ሟርት ነው፣ አርባ ዓመት ስነፋ አንድ ቀን በሐሰት ነፍቼ አላውቅም። እውነቱን ነው፣ ያንን ድምፅ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ የሚወጣው እኮ ሰውዬው ዋሽቶ ስለማያውቅ ነው፣ እሷስ ምን ልትለው ነው፣ ስብሰባ ነው ብትለው ማን ይወጣል፣ ለስብሰባ ማን ይወጣል በዚህ አገር፣ ስልኩን ልትዘጋው ነው፣ አፏ ይቀድማታል፣ ጋሼ፣ በሚቀጥለው ወር ለናዝሬት ከሚነፉ ዛሬ ይንፉ።

ምን አፍ ነው! አፏን በመዳፏ ትይዛለች፣ በስመ አብ፣ በገዛ ልጄ፣ በሆዷ ባለው፣ ልደታ ማርያም አትስሚኝ፣ ያልኩትን አትስሚ፣ እንባዋ ይመጣል፣ ትናደድበታለች፣ እንባውም እነሱ ያመጡት ነው፣ ልጇን ከነሕይወቷ እንደ ሟች ያስጠሯት እነሱ ናቸው፣ ኮሚቴው፣ ዘመናዊው፣ በሕግ ሲታይ ባዩ። ጋሽ በድሉ ያስላል። ሠርካዲሴም እዚያው ነው የወለደችው ይላል፣ ልጁ ናት ሠርካዲስ፣ ድንኳኑን የሚሸከሙ ሁለት ሰው አገኛለሁ፣ የቀረ ይቀጣል ልበል? ይበሉ ጋሼ። እንደ ደንቡ ይበሉ።

ትመለሳለች። ትቀመጣለች፣ እዚያው ወንበር ላይ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማዘር ሌላ ምን ልርዳዎት፣ ምንም፣ ጥቂት ልረፍ ልጄ፣ እሺ ይላል፣ ደግ ነው እኮ፣ ክፋቱ ከሱ አይደለም፣ ክፋቱ ፋይል ነው፣ እሱ ፋይሉን ያቀብላል፣ አምስት ሰዓት ከሩብ፣ መዝገቡ በመሃላቸው ተከድኖ፣ ኮምፒውተሩን ይነካል፣ ሻይ ይመጣለታል፣ ግማሹን ይጠጣል፣ አይመጡም ይሆን፣ ሥራ ላይ ናቸው፣ ገበያ ናቸው፣ ወይም ስም አልተጠራም ብለው፣ አምስት ተኩል፣ አይመጡም፣ የሷ ነገር፣ ምን የሚሉት፣ የእድሩ ሊቀመንበር ሳታማክሪኝ ብሎ ከጸሐፊነት ያነሳት ይሆን፣ ያንሳት፣ ልጇ ትትረፍ እንጂ ያንሳት።

ከዚያ ይመጣል። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከጌጃ ሰፈር በኩል፣ ያ ወፍራም የሚጎትት ድምፅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰምታው አልለመደችውም፣ ከዚያ ቀረብ፣ ከዚያ እግር፣ ብዙ እግር፣ የድንኳን ብረት አስፋልት ላይ ሲወርድ፣ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደመጡ ከመስኮቱ ይታያታል፣ እነ ነስሪን ከኮንዶሚኒየሙ፣ ጥበቃው በሩን ልዝጋ አልዝጋ ሲል፣ ጋሽ በድሉ ከፊት፣ ሰው ሁሉ እየተጠያየቀ፣ የማን ነው፣ የማን ነው፣ ማንም የሚመልስለት የለም፣ ግን ማንም አይመለስም፣ ይቆማል።

የአብስራ ከወንበሩ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ እንደማንም የሰፈር ልጅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ማዘር፣ ማን ሞቶ ነው?

እስካሁን ማንም፣ ትለዋለች፣ ለዚያ ነው የመጡት።