ወደ ውጭ የዞረችው ቀስት

የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለችው ቀስት የምታመለክተው ወደ ውጭ ነው። ይህን ያየሁት መመሪያው የተጫነባቸው ታብሌቶች ለሙከራ ልጆቹ እጅ ከገቡ በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ የመገጣጠሚያ መጫወቻ መመሪያ የሚሠራው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ያለቀለትን መኪና አንድ በአንድ እየፈታሁ ፎቶ አነሳለሁ፣ ክፍሉ የወጣበትንም አቅጣጫ በቀስት አሳያለሁ፤ ከዚያ ፎቶዎቹን ከመጨረሻው ጀምሬ እደረድርና ቀስቶቹን ወደ ውስጥ አዞራለሁ። ሃያ ሁለቱን አዙሬ የመጨረሻዋን፣ የአራተኛዋን ጎማ ቀስት ረሳሁ።

የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዬ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው። በሐሳቤ ተባርሬ፣ የቤት ኪራይ አቅቶኝ፣ እህቴ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ ነበር።

ኃላፊያችን ደብተር ይዘው ከልጆቹ ጀርባ ቆመዋል። በሌሉበት «ሚሊሜትር» እንላቸዋለን። በሙከራ ሰዓት አዋቂ ትንፍሽ አይልም፤ ሕጉ የሳቸው ነው። ስለዚህ ልጆቹ እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። የጥበቃው መንታ ሴት ልጆችና የኔዋ ሚጣ ጨረስን አሉ። ሦስቱም መኪኖች በሦስት ጎማ ዘመም ብለው ቆመዋል።

«አራተኛዋስ የኔ ልጅ?» አሉ ሚሊሜትር።

«ፈንድታለች እትዬ» አለች ልጄ። «ቀስቱ ጎሚስታ ጋ ውሰዷት ይላል።»

ከመንታዎቹ አንዷ የነሱ ጎማ ገና ወረፋ እየጠበቀች እንደሆነ ጨመረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ቀስቷን ሳላዞራት ቀርቼ ነው።»

ሚሊሜትር መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሦስት ወር ሙሉ የሌለ ስህተት አገኘሁ እያልሽ ስታስጨንቂኝ ከርመሽ፣ እውነተኛው ሲመጣ ዝም ብትዪኝ ኖሮ ነበር የማሰናብትሽ። አስተካክዪውና ነገ ጠዋት ቋሚ ቅጥርሽን ትፈርሚያለሽ።»

የመጨረሻ የሚወጣ ይቆልፋል ብለው ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሄዱ።

ቀስቷን አዞርኩ። ልጄ መኪናውን እንደገና ገጣጠመች፤ በአራት ጎማ ቆመ። ሃያ ሦስቱንም ገጽ ደግሜ አየሁ። ልሠልስ ስል ልጄ ቦርሳዬን አንስታ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችው።

«እማዬ፣ ቀስቶቹም ይረፉ እንጂ።»

ወጥተን ደረጃው ጋ ስንደርስ የኮምፒውተሬ ሶኬት ትዝ አለኝ። ተመልሼ አየሁ፤ ተነቅሏል። መስኮቱንም ነካ አደረግኩት፤ ተዘግቷል። ልጄ ኮሪደሩ ላይ እየሳቀች ስትጠብቀኝ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርኩና እጀታውን ገፋ አድርጌ አየሁት። በሩ ተቆልፏል።