መጀመሪያ የፈረመችው

ፊሊፒንስ፣ ኢሎይሎ ከተማ ውስጥ ባለ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ሰኔ መንግሥት ዝቅተኛውን የቀን ደመወዝ ከፍ አደረገና የአዲሶቹ ክፍያ ከእኔ ጋር እኩል ሆነ። ያሠለጠንኳት ጆሲል ከተቀጠረች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ይባላል። እኔን ለማንጨርጨር ግን እኩል መሆናቸውም በቂ ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። «እኔ አሥራ አራት ዓመት የፈጀብኝን አንቺ በሁለት ወር ጨረስሽው።»

«እኔ ምን አጠፋሁ፣ እትዬ ሄርሚ?» አለች። «ይልቅ ሄደው ለአቶ ኦካምፖ ይንገሯቸው።»

እውነቷን ነበር። አራታችን ቋሚ ሠራተኞች ወደ ሥራ አስኪያጁ ገብተን ከአዲሶቹ የነበረን የደመወዝ ልዩነት ይመለስልን አልን። አቶ ኦካምፖ ፈገግ ብሎ፣ ከአሥራ ስድስቱ ገንዘብ ተቀባዮች ዘጠኙ ከፈረሙ አየዋለሁ አለ። ሌሎቹ አሥራ ሁለቱ የአምስት ወር ውል ያላቸው ናቸው። ስድስት ወር ከሞላቸው በሕጉ ቋሚ ይሆናሉና በአምስተኛው ይሸኛሉ፣ የሚታደስለት ጥቂቱ ነው። ማን ለእኛ ብሎ እንጀራውን ይዘጋል?

በምሳ ሰዓት ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉም ሩዙ ላይ አቀረቀረ። ጆሲል ብቻ ተነሥታ መጣች።

«አንቺ ከዚህ ምን ታገኛለሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ያባርሩሻል እኮ።»

«ሂሳብ ተሳስቼ ያ ደንበኛ ሲሰድበኝ የተጨቃጨቁልኝ እርስዎ ነዎት። አሁን እስክሪብቶውን ይስጡኝ።»

እሷን አይተው አራት ልጆች ተከተሏት። ዘጠኝ ሞላን። አቶ ኦካምፖ ቃሉን አላጠፈም፣ ለነባሮቹ በቀን ሃያ ሁለት ፔሶ ጨመረልን። የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ግማሹን ብቻ መግዛት ቀረልኝ።

መስከረም ላይ የተሰናባቾች ዝርዝር ተለጠፈ። የጆሲል ስም አለበት። በእኛ አገር የገና ገበያ የሚጀምረው በመስከረም ነው፤ ተተኪዎቹን የምናሠለጥነው ደግሞ እኛው አራታችን ነን፣ ያለ አንዳች ክፍያ። ጓደኞቼን አማክሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ አቶ ኦካምፖ ዘንድ ገባሁ።

«ከእንግዲህ አዲስ ሰው አናሠለጥንም» አልኩት። «ያሠለጠንኩልዎት ልጅ አለች። እሷን ቋሚ ያድርጉልኝ።»

«እያስፈራራሽኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ። ውላችን ላይ ማሠልጠን የሚል የለም፣ እሱን ላስታውስዎት ብዬ ነው።»

በመስኮቱ ወደ ገዢዎቹ ሰልፍ አየ። እስከ ዱቄቱ መደርደሪያ ድረስ ተዘርግቷል። እያጉረመረመ የቋሚ ቅጥር ፎርም አወጣና ፈረመ።

ጆሲልን የሠራተኞች ጓዳ ውስጥ አገኘኋት። ተሰናባች ለባልደረቦቹ ኑድል ሠርቶ ማምጣት ልማዳችን ነውና አንድ ትሪ ሙሉ ይዛ መጥታለች። ዓይኗ ቀልቷል። ፎርሙን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እና ኑድሉን ይዤው ልመለስ?»

«ሞክሪያ፣ ማን እንደሚያሳልፍሽ አያለሁ» አልኳት።

ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት። የእናቴ መድኃኒት የሚገዛው በእሷ ፊርማ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት በአፌ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ነገርኳት።